ሃያ ሊትር ቤንዚንና አንድ ድምፅ

ሃያ ሊትር ቤንዚን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሊራ። ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 675 ሺህ ሊራ። ስለ 2022ቱ የሊባኖስ ምርጫ ሰው ሲጠይቀኝ የምጀምረው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤንዚንና ምርጫ ምን አገናኛቸው? እዚያ አገር ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት ሰፈር አይደለም፤ ቤተሰቡ በተመዘገበበት መንደር ነው። ቤይሩት ተወልዶ ቤይሩት ያረጀ ሰው፣ የአያቱ ስም ደቡብ ጫፍ ባለ መንደር መዝገብ ላይ ካለ ድምፁም እዚያው ነው። ሴት ስታገባ ደግሞ መዝገቧ ወደ ባሏ መንደር ይዞራል። ስለዚህ የምርጫ ቀን ሲመጣ ግማሹ አገር መኪና ላይ ይወጣል። የወር ደመወዝ የአንድ ቀን የደርሶ መልስ ቤንዚን ሸፍኖ እምብዛም በማይተርፍበት ጊዜ ታዲያ መኪናውን ማን ይሞላዋል?

እኔ በዚያን ጊዜ አሽረፊየ በሚባለው የቤይሩት ሰፈር አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ቤት ነበር የምሠራው። ማዳሜ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ዱባይ ነው። መዝገቧ በባሏ አገር፣ ደቡብ ባለችው መርጅዑዩን ነው። ምርጫው ሲቃረብ ስልክ ተደወለ። ማዳም ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስላለ ስልኩን ሁሌ ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው። እኔም ምስር እየለቀምኩ ሁሉንም ሰማሁ። ደዋዩ ወጣት ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤናዋን ጠየቀ፣ ለባሏ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ "ቤት ውስጥ ስንት ድምፅ አላችሁ?" አለ። ስንት ሰው አላለም።

"አንድ" አለች ማዳም።

"ልጅሽስ?"

"እሱ ዱባይ ነው የሚመርጠው።"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ለአንድ ድምፅ የሃያ ሊትር ኩፖን እንደሚልክ፣ አራት ቢሆኑ ኖሮ ግን መኪናውንም ከነሾፌሩ እንደሚያመጣ ነገራት። ማዳም ስልኩን ዘግታ "ባለጌ" አለች። ኩፖኑን ግን አልፈልግም አላለችም።

አገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ትንሽ ልንገራችሁ። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተቸክሎ ነበር። ሱቅ ገብታችሁ በዶላርም በሊራም ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፤ ልዩነት የለውም። ያ ዋጋ ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ግን በየጊዜው አዲስ ዶላር ከውጭ መግባት ነበረበት። ባንኮቹ ወፍራም ወለድ እያሳዩ የዲያስፖራውን ገንዘብ ሰበሰቡ። የሰበሰቡትን ለማዕከላዊ ባንኩና ለመንግሥት አበደሩ። መንግሥት በላው። አዲሱ ገንዘብ ሲቀንስ ጉዱ ፈላ። በኦክቶበር 2019 መንግሥት የዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ላስከፍል ሲል ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ አደባባይ ወጣ። ባንኮች ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ሲከፈቱ የሰው ዶላር ከውስጥ አልወጣም አለ። በማርች 2020 አገሪቱ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። ኦገስት 4 ላይ ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ መጣ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት፣ ከ200 በላይ ሟች። እሱን ታውቁታላችሁ።

የዓለም ባንክ ይህንን ሁሉ "ሆን ተብሎ የመጣ ድቀት" ብሎ ጠራው። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በዓለም ከታዩት ከባድ ቀውሶች ምናልባትም ከሦስቱ አንዱ ነው ብሏል። በ2019 ወደ 52 ቢሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በ2021 ወደ 22 ቢሊዮን ወረደ። ጦርነት ሳይኖር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ይህ ነገር እንዲህ ይመስል ነበር። ማዳም ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ዶላር ባንክ አለ፣ ደብተሩ ላይ ተጽፏል፣ ማውጣት ግን አይቻልም። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል የእኛ ሰዎች። ከ2021 አጋማሽ በኋላ በወር 400 ዶላር በጥሬ፣ ሌላ 400 ደግሞ ባንኩ በራሱ ዋጋ ወደ ሊራ ለውጦ እንዲሰጥ ተፈቀደ። የእኔ ደመወዝ ከዚያ ከጥሬው 400 ላይ ነበር የሚከፈለው። ከዚያ በፊት በሊራ ነው የተቀበልኩት። ያንን ሊራ ወደ ቤት ለመላክ ዶላር ሲገዙበት ምን ያህል እንደሚሆን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ያም ሆኖ እኔ ቤት ነበረኝ፣ በልቼ አድራለሁ። በጁን 2020 ሐዝሚየ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉትን እህቶቻችንን ታስታውሳላችሁ። አሠሪዎቻቸው "ዶላር የለንም" ብለው በመኪና አምጥተው አራግፈዋቸው ነው የሄዱት። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ፣ አንዳንዶቹ ፓስፖርታቸውን ሳይዙ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በ2022ቱ ምርጫ 718 ሰው ተወዳደረ፤ እኛ ድምፅ ስለሌለን ማንም ወጣት ደውሎ ጤናችንን አልጠየቀንም። እሑድ ዶራ በሚባለው ሰፈር ስንገናኝ ልጆቹ ስለ ምርጫው ሲያወሩ "ዶላሩ ይወርድ ይሆን?" ከሚለው አያልፉም ነበር። እውነታቸውን ነው።

ከዚህ በኋላ ነው እኔን የሚከነክነኝ ነገር የሚመጣው። ሰው እንዲህ ከተዘረፈ በኋላ ድምፅ ሲሰጠው ምን ያደርጋል? ሌላ አገር የሆነውን ብናይ መልሱ ግልጽ ይመስላል። ግሪክ በ2009 ፓሶክ የሚባለውን ፓርቲ ወደ 44 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ መርጣ ነበር፤ ቀውሱ መጥቶ ጡረታና ደመወዝ ሲቆረጥ በሜይ 2012 ያው ፓርቲ 13 በመቶ ይዞ ቀረ። ጀርመን በጁላይ 1932፣ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሥራ ፈት ይዛ ስትመርጥ፣ ናዚዎች 230 ወንበር ወሰዱ። ሕዝብ ሲርበው የለመደውን ጥሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ወደ ጥሩ፣ አንዳንዴ ወደ ገደል። በሊባኖስ ግን ከ2019 በፊት የነበሩት መሪዎች አብዛኞቹ በ2022ም እዚያው ናቸው። ሕዝቡ አልተቆጣም እንዳትሉኝ። አደባባዩን ያየ ሰው እንዲያ አይልም።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ግሪካዊው ጡረታውን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው፤ ሲቆረጥበት የሚቀጣውን ያውቃል። ሊባኖሳዊው ግን ድሮውንም ከመንግሥት ብዙ አያገኝም። የሆስፒታል አልጋ ሲፈልግ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ፣ ሥራ ሲያስቀጥር የሚሄደው ወደ ዘዒሙ ነው። ዘዒም ማለት የጎሳውም የሃይማኖቱም የፓርቲውም አለቃ የሆነ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም አባቱ ዘዒም ነበረ። ምክር ቤቱ ራሱ 128 ወንበር ሆኖ 64ቱ ለክርስቲያን፣ 64ቱ ለሙስሊም ተመድቦ፣ ከዚያም ለማሮናዊ፣ ለኦርቶዶክስ፣ ለሱኒ፣ ለሺዓ፣ ለድሩዝ እየተባለ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አሳዳሪ አለው።

ድቀቱ ሲመጣ መንግሥት የቀረችውንም ትንሽ ነገር መስጠት አቆመ። መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሌላውን የሰፈር ጄኔሬተር ያለው ሰው በወር ሂሳብ ይሸጣል። መድኃኒት ጠፋ። ታዲያ ያኔ ዘዒሙ የበለጠ ተፈለገ እንጂ አልተጠላም። ማለቴ፣ ተጠልቶም ተፈለገ። ደግሞም ረከሰለት። 675 ሺህ ሊራ በድሮው ዋጋ 450 ዶላር ነበር፤ በምርጫው ሰሞን 25 ዶላር ገደማ ሆኗል። ድሮ በመቶ ዶላር ልግዛህ ብትለው የሚሰድብህ ሰው፣ አሁን መቶ ዶላር የአራት ወር ደመወዙ ነው። ፓርቲዎቹ ደግሞ "ፍሬሽ" የሚባለው ጥሬ ዶላር አላቸው፤ ከውጭ ይመጣል፣ ከደጋፊ ይመጣል፣ ባንክ ውስጥ አልታሰረም። አገሪቱን ያደኸዩት ሰዎች በድህነቷ ምክንያት የምርጫ ወጪያቸው ቀለለላቸው። ይህንን አስቤ አስቤ ቂም ይዤበታለሁ፤ አገሬ ባይሆንም።

ይህ የእኔ ሐሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምርጫውን የታዘበው የአውሮፓ ኅብረት ቡድን የድምፅ ግዢ በሰፊው እንደነበረ ጽፏል። የአገሩ የምርጫ ታዛቢ ማኅበርም እንደዚያው። በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ናፍጣ፣ የምግብ ካርቶን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መድኃኒት።

ያልተገዛው ድምፅ ከየት መጣ? አንዱ ከባሕር ማዶ ነው። ውጭ ያሉት ሊባኖሳውያን ሜይ 6 እና ሜይ 8 ነው የመረጡት፤ ወደ 225 ሺህ ሰው ተመዝግቦ ነበር፣ ከ2018 ከእጥፍ በላይ። ብዙዎቹ ከቀውሱ በኋላ የተሰደዱ ወጣቶች ናቸው። የማዳም ልጅ ሜይ 8 ዱባይ ቆንስላ በር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ በቪዲዮ ደወለ። ሰልፉ ዳርቻ የለውም። አንዱ ውሃ ያድላል፣ ሌላው ይዘፍናል። ልጁ በቀለም የተነከረ አውራ ጣቱን ካሜራው ላይ ለጠፈና "እናቴ፣ እኔን ሃያ ሊትር አይገዛኝም" አለ። ማዳም ሳቀች። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል አኮረፈች። ኩፖኑ ሻይ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሜይ 15፣ እሑድ ጠዋት፣ የባሏ ወንድም በመኪናው መጣ። እሱም ኩፖን ደርሶታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ነው የሞላው። እኔ ማዳምን ለመደገፍ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሰይዳ በኩል ወደ ደቡብ ወረድን፣ ከዚያ ወደ ነበጢየ ሽቅብ። መንገዱ ሁሉ ባነር ነው። የሒዝቦላህ ቢጫ "ባቁን፣ ነሕሚ ወነብኒ" ይላል፤ እዚሁ ነን፣ እንጠብቃለን፣ እንገነባለን ነው ነገሩ። የመኪና ጥሩምባ፣ ከመስኮት የሚውለበለብ ባንዲራ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሦስት ሆነው የሚሄዱ ልጆች። የሊጣኒን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ከፊት ለፊት አንድ ተራራ ብቅ አለ፤ ግንቦት ገብቶም አናቱ ላይ በረዶ አለው። እነሱ ጀበል ሼኽ ይሉታል። ማዳም "ይኼ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ነው፣ ሔርሞን" ስትለኝ ነው የገባኝ። ቡሄ በመጣ ቁጥር "ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል" እያልን ያደግንበት አርሞንኤም! በቤንዚን ኩፖን ተሳፍሬ አየሁት።

መንገድ ላይ ማዳምና የባሏ ወንድም ተጨቃጨቁ። እሱ ኩፖኑን የሰጡትን ሰዎች ነው የሚመርጠው፤ አይደብቅም። ማዳም "ገንዘብህን የበሉ ናቸው" አለችው። እሱ ድምፁን አላነሳም። ሚስቱ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ታሳጥባለች። ወረፋውን ያስያዘላት የዚያ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ሰው ነው፤ የጎደለ መድኃኒት ሲኖር የሚደውለውም ለእሱ ነው። "አዲሶቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣" አለ፣ "ማክሰኞ ግን የትኛው ነው ስልኩን የሚያነሳልኝ?" እኛ አገር ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው ነው። ማዳም ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አልተናገረችም። እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ የሚመልስ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። እስካሁንም አላገኘሁም። ድምፁን ሸጠ ይሉታል ከተማ ያሉት ወጣቶች። ሰውየው የሸጠው ሌላ ምንም የሚሸጥ ነገር ስላልቀረው ነው፤ የተቀረውን ባንኩ ይዞበታል።

መርጅዑዩን የድንጋይ ቤቶች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ከዳገቱ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ማዶ የእስራኤል ቤቶች ይታያሉ፣ ያን ያህል ቅርብ ነው። ምርጫው የሚካሄደው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ የየዝርዝሩ ልጆች በየቀለማቸው ቲሸርት ቆመዋል፤ የመራጮች ስም ያለበት ወረቀት ይዘው ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ምልክት ያደርጋሉ። ማዳምን ገና ከመኪና ሳትወርድ በስሟ ጠሯት። አንዱ ክንዷን ሊይዝ መጣ፤ እኔ ቀደምኩት።

የምርጫው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ማዳም ጉልበቷ ያማታል። ሊፍት የሚባል ነገር የለም፤ መብራትም የለም። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ስልኬን አብርቼ ቀስ እያልን ወጣን። ከእኛ ፊት አንድ ሽማግሌን ሁለት ልጆች ከነወንበሩ ተሸክመውታል። በር ላይ ያለው ወታደር እኔን አስቀረኝ። ከውጭ ሆኜ አየኋት። መታወቂያዋን ሰጠች፣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ወረቀቱ ታትሞ የተዘጋጀ ነው፤ የየዝርዝሩ ተወዳዳሪዎች ፎቶ አለበት። አንድ ዝርዝር ትመርጣለህ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ታስቀድማለህ። ከመጋረጃው ጀርባ በጣም ቆየች። አንዱ ታዛቢ "ይርዷት እንዴ?" ብሎ ተንጠራራ። "ሠላሳ ዓመት ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ!" የሚል ድምፅ ከጀርባ መጣ። ክፍሉ ሳቀ።

ስትወጣ አውራ ጣቷ ሐምራዊ ነበር። ማንን እንደመረጠች ለባሏ ወንድም አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም። ወደ ቤይሩት ስንመለስ ስለ ወይራ ዋጋ ነው ያወሩት።

ማታ ቆጠራውን በቴሌቪዥን ስናይ ጄኔሬተሩ በሰዓቱ ጠፋ። ማዳም ግን አልተኛችም፤ በስልኬ ኢንተርኔት ከልጇ ጋር ስታወራ አነጋች። እንዲህ ያለው ሌሊት ሌላ ጊዜ አላየሁባትም። ያ የደቡብ ምርጫ ክልል 11 ወንበር አለው፤ በ2018 አሥራ አንዱንም የሒዝቦላህና የአማል፣ የሁለቱ የሺዓ ፓርቲዎች፣ ዝርዝር ጠራርጎ ወስዶ ነበር። አሁን ሁለቱ ወጡ። ከ1992 ጀምሮ የኦርቶዶክሱን ወንበር የያዘው አስዓድ ሐርዳን በኤልያስ ጀራዲ፣ በዓይን ሐኪም፣ ተሸነፈ። የድሩዙን ወንበር ደግሞ ፊራስ ሐምዳን የሚባል ጠበቃ ወሰደ። ሐምዳን ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ በነበረው ሰልፍ ላይ የቆሰለ ሰው ነው። የተሸነፈው መርዋን ኸይረዲን የባንክ ሊቀመንበር ነበር! ማዳም ይህንን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አጨበጨበች። የውጭ አገሩ ድምፅ ለእነዚህ ሁለት ወንበሮች ብዙ እንደረዳ ተነግሯል፤ ልጇም ድርሻውን ሊያስከብር ሲሞክር ነው ያደረው።

በአገር ደረጃ ከ2019ኙ ተቃውሞ የወጡት አዲሶቹ 13 ወንበር አገኙ። ሒዝቦላህና አጋሮቹ የነበራቸውን አብላጫ አጡ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላውም ግን አብሮ መነገር አለበት። ከመራጩ ከግማሽ በላይ አልወጣም። የሱኒዎቹ ዋና መሪ ሳዕድ ሐሪሪ በጃንዋሪ ከፖለቲካ ራሴን አግልያለሁ ስላለ ብዙ ደጋፊው ቤቱ ቀርቷል። ሃያ ሰባቱንም የሺዓ ወንበሮች ያው ሁለቱ ፓርቲዎችና አጋሮቻቸው ወሰዱ። የወደቡን ፍንዳታ የሚመረምረው ዳኛ የሚፈልጋቸው ሁለት የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ዓሊ ሐሰን ኸሊልና ጋዚ ዘዒተር፣ ተመልሰው ተመረጡ። ያለመከሰስ መብታቸውን ከእነ ወንበራቸው ይዘው ማለት ነው።

ሜይ 31 አዲሱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሊመርጥ ተሰበሰበ። የአማሉ መሪ ነቢህ በሪ ከ1992 ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ነበሩ። ለሰባተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ በ65 ድምፅ፣ የምታስፈልገው ልክ እሷኑ። አዲሶቹ የተበላሸ ወረቀት እየጣሉ፣ ለወደቡ ሟቾች ፍትሕ ይሰጥ ብለው እየጻፉ ተቃወሙ። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ሲነበቡ በቀጥታ ተላለፈ። ከምርጫው በፊት ወደ 27 ሺህ የነበረው የጥቁር ገበያ ዶላር በዚያው ወር ከ35 ሺህ አለፈ። ከምርጫው በፊት ሆን ብለው ይዘውት ነበር የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የዶራ ልጆችም ያሉት ይህንኑ ነው። ያኔ ሊራ ይዞ የነበረ ሰው ተበላ።

የፕሬዚዳንቱ ነገርማ አይወራ። የሚሼል ዐውን ዘመን በኦክቶበር 2022 አለቀ። ተተኪውን የሚመርጠው ያው ምክር ቤት ነው፤ ተሰበሰበ፣ ተበተነ፣ ተሰበሰበ፣ ተበተነ። ጆሴፍ ዐውን የተመረጡት በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ በኋላ። በመሃል ዶላር መቶ ሺህ ሊራን አልፏል፣ ደቡቡም ጦርነት አይቷል።

እኔ ግን ከሁሉም የማይረሳኝ በኦክቶበር 2022 የሆነው ነው። በዚያ መከር ሰዎች ባንክ እየገቡ የራሳቸውን ገንዘብ በጉልበት መቀበል ጀምረው ነበር። አንዲት ሴት ለእህቷ የካንሰር ሕክምና ብላ በመጫወቻ ሽጉጥ ከራሷ ሂሳብ ወደ 13 ሺህ ዶላር ይዛ ወጣች፤ አገሩ ሁሉ ጀግና አላት። ከዚያ ሲንቲያ ዘራዚር ባንክ ገባች። ዘራዚር ከ13ቱ አዲሶች አንዷ ነበረች፣ የምክር ቤት አባል፣ ያውም በእኛው ሰፈር በአሽረፊየ ክልል የተመረጠች። መሣሪያ አልያዘችም። ለቀዶ ጥገና የሚሆን 8,500 ዶላር ከራሴ ሂሳብ ስጡኝ ብላ ተቀመጠች። ባንኮች በየትኛው ሕግ የሰው ገንዘብ እንደሚይዙ፣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም መወሰን የምክር ቤቱ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስለ ካፒታል ቁጥጥር አንድም ሕግ አላጸደቀም። ሕግ አውጪዋ ራሷ ሕግ የለም ብላ ባንክ ወለል ላይ ተቀምጣለች።

የእኛ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሁለቱም ለእሷ ዝርዝር ነው ድምፃቸውን የሰጡት። የዚያን ቀን ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ እኔ ቆሻሻ ላወርድ እየወረድኩ ነበር። አንዷ ተናዳለች። "ይኸው! እኔ ያቃተኝን እንድታደርግልኝ ብመርጣት እሷም እንደኔው ባንክ በር ላይ ትለምናለች" ትላለች። ሌላዋ አልተስማማችም። "ሌሎቹ ዶላራቸውን ሲዊዘርላንድ ካሻገሩ ቆዩ። ቢያንስ አንዲት ገንዘቧ ከእኔ ገንዘብ ጋር የታሰረባት ሰው እዚያ ገብታለች" አለች። እኔን ጠየቁኝ፤ ከሦስታችን ድምፅ የሌለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። ከሁለተኛዋ ጋር ነኝ አልኩ። የመጀመሪያዋ አልተዋጠላትም። ሚስተር ኩላሊትም ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የማዳምን የባል ወንድም በልቤ እንዲያ ነው የምጠራው። የዚያን ሰሞን ለሚስቱ ወረፋ ለማስያዝ አሁንም ለዚያው ሰውዬ ነበር የሚደውለው። ሰውዬው ስልኩን አሁንም ያነሳል።